ለዋሽንግተን ናሽናልስ፦ ምርጫውን ብቻ ሳይሆን ማሳደጉንም አሳዩን

ይድረስ፦ ለናሽናልስ የቤዝቦል ሥራ ፕሬዚዳንት ለአቶ ፖል ቶቦኒ እና ለክለቡ ባለቤቶች ለለርነር ቤተሰብ

ግልባጭ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንገኝ የናሽናልስ ደጋፊዎች

ክቡር አቶ ቶቦኒ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የናሽናልስ ደጋፊ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ስለ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ታዳጊዎችን በተራ ስለሚመርጡበት ሥርዓት፣ ይከራከራል። "እገሌን መውሰድ ነበረብን፣ እገሌን ለምን ተውነው" ሲባል ወቅቱ ያልፋል። በአማርኛ የምንከራከረውም ደጋፊዎች ከዚህ አልወጣንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ማኪያቶ እየጠጣን፣ አሌክሳንድሪያ ከሥራ በኋላ ስንገናኝ፣ በስልክ ግሩፕ ላይ ሌሊት ሳይቀር እንነታረካለን። እኔ ግን የክለባችን ትልቁ ችግር ያለው የምርጫው ቀን ላይ አይመስለኝም። ያለው ከዚያ በኋላ ባሉት አራትና አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። ልጁን ከመረጥነው በኋላ ምን አደረግንለት? ይህን ጥያቄ በይፋ ላቀርብልዎ ነው የጻፍኩት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግልባጩ ለወገኖቼም ስለሆነ፣ ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። በቤዝቦል አንድ ጎበዝ ታዳጊ እንደ እግር ኳሱ ደስ ላለው ክለብ ሄዶ አይፈርምም። በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ የሚኖር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ፣ ወይም ኮሌጅ ገብቶ ሦስት ዓመት ሲቆይ በድራፍት ያልፋል። 30ዎቹ ክለቦች በተራ ይመርጣሉ። ከ1965 ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ዛሬ 20 ዙር አለው። የተመረጠው ልጅ በማግስቱ ትልቁ ሜዳ ላይ አይታይም። ከትልቁ ሊግ በታች ወዳሉት ደረጃዎች፣ ወደ ማይነር ሊግ፣ ይላካል። የእኛ ክለብ መሰላል የሚጀምረው ቨርጂኒያ ፍሬድሪክስበርግ ላይ ነው። ከዚያ ደላዌር ዊልሚንግተን፣ ቀጥሎ ፔንሲልቬኒያ ሃሪስበርግ፣ በመጨረሻ ኒው ዮርክ ሮቸስተር ነው። ከእነዚህ በታች ፍሎሪዳ ዌስት ፓልም ቢች ያለው የጀማሪዎች ማሰልጠኛና የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ አካዳሚ አሉ። ፋርም ሲስተም የምንለው ይህንን ሁሉ ነው። ብዙዎቹ ልጆች እዚያው መሰላሉ ላይ ይቀራሉ።

ወላጆቻችን ይህን ስፖርት ያላወቁት ስለማይወዱት አይደለም። የድሮው የዋሽንግተን ክለብ ሴናተርስ በ1971 ከተማዋን ትቶ ቴክሳስ ገባ። የእኛ ሰው በብዛት ወደ ዲሲ መምጣት የጀመረው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነው። እስከ 2005 ድረስ በዚህች ከተማ ትልቁ ሊግ አልነበረም። አባቶቻችን ታክሲ ሲነዱ፣ ፓርኪንግ ሲሠሩ፣ ምግብ ቤት ሲከፍቱ ያሳለፉት ሠላሳ ዓመት ቤዝቦል የሌለበት ሠላሳ ዓመት ነበር። ክለቡ ከሞንትሪያል የመጣው ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ነው። ስለዚህ ናሽናልስን የወደድነው እኛ ነን፤ ከአባት የወረስነው ክለብ አይደለም። ይህን የምነግርዎ ፍቅሩ ምን ያህል የራሳችን እንደሆነ እንዲረዱልን ነው።

ያ ፍቅር የተገነባው ደግሞ በድራፍት ልጆች ላይ ነው። ክለቡ ዲሲ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የመረጠው ልጅ ራያን ዚመርማን ነበር። በ2005፣ በ4ኛ ተራ፣ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ። ሰኔ ላይ ተመርጦ መስከረም ላይ ትልቁ ሜዳ ገባ። 2009 ላይ ስቲቨን ስትራስበርግ በ1ኛ ተራ መጣ፤ 15.1 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ፣ ያኔ በድራፍት ታሪክ ትልቁ ውል። 2010 ላይ ብራይስ ሃርፐር፣ እሱም በ1ኛ። 2011 ላይ አንቶኒ ሬንዶን በ6ኛ። ሬንዶን እስከ 6ኛ የወረደው ጉዳት ስለነበረበት ነው። ክለቡ አልፈራም፣ ወሰደው። በ2019 ዋንጫውን ስናነሳ ዚመርማን፣ ስትራስበርግና ሬንዶን ሦስቱም ነበሩ። ስትራስበርግ የዎርልድ ሲሪሱ (የዋንጫው ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያንን ቡድን 19 አሸንፎ 31 ከተሸነፈበት ያወጡት በገንዘብ የተገዙት ብቻ አልነበሩም፤ እዚሁ ያደጉትም ነበሩበት። ሁዋን ሶቶም ያደገው እዚሁ ነው። እሱ የመጣው በድራፍት ሳይሆን በ16 ዓመቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፈርሞ ነው።

ከሬንዶን በኋላ ግን ምን ሆነ? ሕመሙ እዚህ ላይ ነው፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ።

2012 ላይ ሉካስ ጆሊቶ ተመረጠ። 2014 ላይ ኤሪክ ፌዲ። 2016 ላይ ካርተር ኪቡም። 2019 ላይ ጃክሰን ራትሌጅ። 2013 እና 2015 ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ጭራሽ አልመረጥንም፤ ትልልቅ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ስናስፈርም ምርጫው እንደ ቅጣት ተወስዶብን ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱም በናሽናልስ ማልያ ኮከብ አልሆነም። ብዙ ደጋፊ ይህን ዝርዝር አይቶ "ስካውቶቹ (ተጫዋች መልማዮቹ) ዓይን የላቸውም" ይላል። እኔ አልስማማም። የፌዲን ታሪክ ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚስማማ አይመስለኝም።

ፌዲ በ18ኛ ተራ ሲመረጥ ክርኑን ገና ቀዶ ሕክምና ማድረጉ ነበር። ክለቡ ጠበቀው፤ ይህ ያስመሰግናል። ከዚያ ዓመታት አለፉ። አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሲባል ቆየ፣ ኳሱ ይመታበት ነበር፣ በ2022 መጨረሻ ተለቀቀ። በዚያው ክረምት አሪዞና ሄዶ አወራወሩን ከሥሩ አስተካከለ፤ ወደ ጎን በሰፊው የሚሄድ አዲስ ኳስ ተማረ። 2023 ላይ ደቡብ ኮሪያ ለኤንሲ ዳይኖስ ተጫወተ። 20 ጨዋታ አሸነፈ፣ ከ200 በላይ መቺዎችን በስትራይክአውት (በሦስት ያልተመቱ ኳሶች) አስወጣ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በዓመቱ ተመልሶ አሜሪካ ትልቁ ሊግ ውስጥ ጥሩ ፒቸር ሆነ። አቶ ቶቦኒ፣ ክንዱ ያው ክንድ ነው። ልጁም ያው ልጅ ነው። አንድ ክረምት ውስጥ የተማረውን ነገር እኛ ጋ በስምንት ዓመት ውስጥ ማን አሳየው? ይህ የስካውት ጥፋት ሊሆን አይችልም። ስካውቱ ልክ ነበር።

ጆሊቶም እንዲሁ። በ2016 መጨረሻ ከሬናልዶ ሎፔዝና ከዴን ዳኒንግ ጋር ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ተሰጠ፤ በምትኩ አዳም ኢተን መጣ። በቺካጎ 2018 ላይ ከሊጉ ፒቸሮች ሁሉ በባሰ ሁኔታ ኳሱ ተመታበት። አልጣሉትም። የክንዱን አመላለስ ቀየረ፤ 2019 ላይ ኦልስታር (ከሊጉ ምርጦች አንዱ) ሆነ፤ 2020 ላይ ተጋጣሚው አንድም ሂት (የተሳካ ምት) ያላገኘበትን ጨዋታ ወረወረ። እዚህ ላይ ወገኖቼ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን "ኢተን ባይኖር የ2019 ዋንጫ አይኖርም ነበር፣ ዋንጫ ለዘላለም ነው" ይላል። ኢየሱስ ሉዛርዶን ለኦክላንድ ሰጥተን ሾን ዱሊትልን ስላመጣንበት ዝውውርም እንደዚሁ ይላሉ። እኔ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። ዋንጫ የሚያመጣ ዝውውር ትክክል ነው። ልጅ ሰጥቶ ዋንጫ ማምጣት የሚቻለው ግን ከኋላ ሌላ ልጅ እያደገ ከሆነ ነው። እኛ ሰጠን፤ ከኋላ ግን የመጣ አልነበረም።

ለዚህ ነው ከ2019 ወዲህ አንድም ዓመት ከተሸነፍነው በላይ ያላሸነፍነው። 2021 ላይ ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። 2022 ላይ 107 ጨዋታ ተሸነፍን፤ ሶቶንም ለሳንዲያጎ ሰጠን። የዚያን ቀን ስንቱ ሰው ማልያውን አውልቆ እንዳስቀመጠ አውቃለሁ። የመጡት ልጆች ጥሩ ነበሩ። ማኬንዚ ጎር፣ ሲጄ ኤብራምስ፣ ጄምስ ውድ መጡ። ግን ልብ ይበሉ፤ እነዚህን ሦስቱንም የመረጣቸው ሳንዲያጎ ነው። የክለባችን መልሶ ግንባታ የቆመው ሌላ ክለብ መርጦ ባሳደጋቸው ልጆች ላይ ነው። 2025 ላይም 66 አሸንፈን 96 ተሸነፍን።

አሁን ስለ ሰሞኑ ክርክር። 2023 ላይ ፒትስበርግ 1ኛ ሆኖ ፖል ስኪንስን ወሰደ፤ እኛ በ2ኛ ዲላን ክሩስን። ሁለቱም የአንድ ኮሌጅ ልጆች፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ)። ስኪንስ 2024 ላይ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ፣ 2025 ላይ ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ክሩስ ግን ገና ነው፤ ጉዳትም ይዞት ነበር። በስኪንስ ጉዳይ ክለቡን መውቀስ አይገባም፤ ተራው ሲደርሰን ልጁ ተወስዷል። "ከእኛ በኋላ የተመረጠውን ዋያት ላንግፎርድን መውሰድ ነበረብን" የሚለው ክርክር ግን ቢያንስ ክርክር ነው። 2022 ላይ በ5ኛ ተራ የመጣው ኢላይጃ ግሪን ደግሞ የሁሉም ቁስል ነው። ኃይል አለው፣ ፍጥነት አለው፣ ኳሷን ግን አያገኛትም። በዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች በስትራይክአውት ታሰረ። ሰዎች በ13ኛ ተራ ለሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ክለብ የሄደውን ዛክ ኔቶን እያነሱ ይበሳጫሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጁ ኳስ እንደሚስት ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ከድራፍቱ በፊትም ተጽፏል። ታዲያ በተመረጠ ማግስት ለዚያች አንድ ድክመት የተዘጋጀለት ሥራ ምን ነበር? ማን ይዞት ነበር? ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም።

በ2025 የመረጥነውን ኢላይ ዊሊትስን በተመለከተ፣ እኔ ምርጫውን እደግፋለሁ። 2025 ላይ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ አቶ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ የተሰናበቱት ድራፍቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚያ ትርምስ መሃል፣ በተጠባባቂው ኃላፊ በአቶ ማይክ ደባርቶሎ እጅ፣ ክለቡ በ1ኛ ተራ የ17 ዓመቱን የኦክላሆማ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) መረጠ። ብዙ ሰው ኤታን ሆሊደይን ወይም የኤልኤስዩን ፒቸር ኬድ አንደርሰንን ይጠብቅ ነበር። "ገንዘብ ለመቆጠብ ነው" የሚል ቅሬታ ወዲያው ተነሳ። እውነት ነው፤ ለቦታው የተመደበው የፊርማ ክፍያ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ዊሊትስ የፈረመው በ8.2 ሚሊዮን ነው። ግን የተረፈው ገንዘብ ባለቤቶቹ ኪስ አልገባም። ክለቡ በድራፍቱ ለከፍተኛዎቹ ዙሮች የሚያወጣው ጠቅላላ ድምር የተወሰነ ስለሆነ፣ ከአንዱ የተረፈው ኮሌጅ ሊገቡ የነበሩ ሌሎች የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ለማስፈረም ዋለ። አሠራሩ ብልህ ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሳይሆን ብዙ የ18 ዓመት ልጆች ይዘናል። የ18 ዓመት ልጅ ከኮሌጅ ልጅ ይልቅ ረጅም ጊዜና ብዙ አስተማሪ ይፈልጋል። በማሳደግ ደካማ የሆነ ክለብ ደግሞ ብዙ ታዳጊ መያዙ አደጋ ነው።

ዕድልም እየጠበበ ነው። ድሮ ብዙ የተሸነፈ ክለብ ቀድሞ ይመርጥ ነበር፤ ክለቦችና ተጫዋቾች በ2022 በተፈራረሙት ስምምነት ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በሎተሪ ሆነዋል። እንደ እኛ ያለ ክለብ አንዴ ሎተሪው ውስጥ ከገባ በቀጣዩ ዓመት ከ10ኛ በላይ መውጣት አይችልም። 2023 ላይ 2ኛ ስለነበርን 2024 ላይ የመረጥነው በ10ኛ ነው። ከዊሊትስ በኋላም ያው ሕግ ይጠብቀናል። እንደ ስትራስበርግና ሃርፐር በተከታታይ 1ኛ ሆኖ ከተማውን የሚያነቃ ልጅ ማግኘት ቀርቷል። ተሸንፎ መጠበቅ መንገድ አይሆንም ማለት ነው።

እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በቦስተን የአማተር ስካውቲንጉን በሚመሩበት ጊዜ፣ በ2022፣ ሮማን አንቶኒ የተመረጠው በ79ኛ ተራ ነበር። ጎረቤታችን ባልቲሞርም ገነር ሄንደርሰንን በ2019 በ42ኛ ተራ አግኝቶ 2023 ላይ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አደረገው፤ ያን ዓመት 101 ጨዋታ አሸነፉ። እኛም አንድ ማሳያ አለን። ዴይለን ላይል በ2021 በ47ኛ ተራ የመጣ ልጅ ነው። ክርኑን ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ከፍሬድሪክስበርግ ተነስቶ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ በመስከረም 2025 የናሽናል ሊግ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ሲሠራ ይቻላል። የላይል መንገድ ለምን እንደተሳካ ክለቡ ቁጭ ብሎ ማጥናቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ ልጆቹ ኑሮም አንድ ነገር። ለብዙ ዓመት የማይነር ሊግ ተጫዋች በሳምንት ጥቂት መቶ ዶላር እየተከፈለው፣ አየር ፍራሽ ላይ ከአራት ጓደኛ ጋር እየተኛ ነበር የሚጫወተው። 2022 ላይ ክለቦች ቤት መስጠት ጀመሩ። 2023 ላይ ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራጅተው የመጀመሪያውን ስምምነት ፈረሙ። ፍሬድሪክስበርግ ያለ ልጅ በዓመት 26,200 ዶላር፣ ሮቸስተር ያለው 35,800 ዶላር እንዲያገኝ ተወሰነ። መሻሻል ነው፤ ግን ዲሲ አካባቢ ኪራይ የሚከፍል ሁሉ ይህ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስምምነቱ ዝቅተኛውን ነው የሚወስነው። ምግቡን፣ የእንቅልፍ ቦታውን፣ የአስተማሪውን ብዛት ከዚያ በላይ ማድረግ የክለቡ ፈንታ ነው። ለአንድ መካከለኛ ፒቸር በዓመት የሚወጣው ገንዘብ እነዚያን አራት ከተሞች በምርጥ አሰልጣኞች ይሞላል። የለርነር ቤተሰብን ይህን አደራ እላለሁ።

ጄምስ ውድ የተወለደው ሮክቪል ሜሪላንድ ነው። እኛ ሰፈር ማለት ነው። ዲሲ ውስጥ ሴንት ጆንስ ተምሯል፤ በኋላ ፍሎሪዳ ሄደ። 2021 ላይ እስከ 62ኛ ተራ ድረስ ማንም አልወሰደውም፤ እኛም ሁለት ጊዜ አልፈነዋል። ዛሬ የቡድናችን ምሰሶ ነው፤ እሱን ለማግኘት ግን ሶቶን መስጠት ነበረብን። ደጃችን ላይ ያደገን ልጅ ከሁሉም በፊት ማየት ያለበት የእኛ ስካውት ነው።

እዚህ ላይ የእኛም ልጆች ይገቡበታል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚያድግ ሀበሻ ልጅ፣ አዲስ አበባ ቢወለድም እንኳ፣ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ከተማረ የሚያልፈው በዚሁ ድራፍት ነው። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። እግር ኳስ ያውቃል፣ ሩጫ ያውቃል። ቤዝቦል ውድ የሆነ፣ የሌላ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። ክለቡ ከ2014 ጀምሮ በደቡብ ምሥራቅ ዲሲ፣ ፎርት ዱፖንት ላይ የወጣቶች አካዳሚ አለው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከልቤ አመሰግናለሁ። የዲሲ ከተማ መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ያገለግላሉ። የከተማዋ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበት ክለብ ለወላጆች አንድ የአማርኛ ወረቀት ማዘጋጀት አይከብደውም። ምዝገባው መቼ ነው፣ ልጁ ስንት ዓመት ይሁን፣ ጓንትና ዱላ ከየት ይገኛል፤ ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩል እኛ እናዳርሰዋለን።

ከእርስዎ የምጠይቀው የመረጣችሁት ልጅ ሁሉ ኮከብ እንዲሆን አይደለም። ይህ ጨዋታ እንደዚያ አይሠራም። የምጠይቀው በየዓመቱ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ አንድ ቀን ደጋፊ ፊት እንዲቀመጡ ነው። የልማት ኃላፊዎን ይዘው ይምጡ። ለዊሊትስ ምን እየተሠራለት እንደሆነ፣ ኬድ ካቫሊ ከክርን ቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት እንደተያዘ፣ ብሬዲ ሃውስ የመጥፎ ኳስ ምርጫውን እንዲያሻሽል ማን አብሮት እንደሚሠራ ይንገሩን። የሕክምና ምስጢር አንጠይቅም። ዕቅዱን ብቻ ነው። ያኔ እኛም "ማንን እንውሰድ" ከሚለው ክርክር ወጥተን "የወሰድነው የት ደረሰ" ብለን መጠየቅ እንጀምራለን።

ለባለቤቶቹ ደግሞ፣ ያደገው ልጅ ሲበስል አትሽጡት። ሃርፐር ፊላደልፊያ ሄደ፤ ሬንዶን ወደ ኤንጀልስ ሄደ፤ ሶቶ 440 ሚሊዮን ዶላር አልቀበልም ብሎ ተሰጠ፤ በኋላ ኒው ዮርክ ሜትስ 765 ሚሊዮን ከፈለው። ጄምስ ውድና ዴይለን ላይል ገና ወጣት ሳሉ፣ ዋጋቸው ሳይሰቀል፣ አሁኑኑ አነጋግሯቸው።

ወገኖቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር። ፍሬድሪክስበርግ ከዲሲ በ95 መንገድ ቅርብ ነው። ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ልጆች ሜዳው አጠገብ ሆነው ተጫዋቾቹን ያናግራሉ። ስማቸውን የምንከራከርበትን ልጆች ሄደን እንያቸው። የአማርኛውን ወረቀት ለማዘጋጀት የሚተረጉም ሰው ካስፈለገም፣ አቶ ቶቦኒ፣ በነጻ የምንሠራ አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የናሽናልስ ደጋፊ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ